ነፋስ መግቢያ

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ጉናን በስተቀኙ እያየ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ መንገደኛ፣ ጋሳይንና ክምር ድንጋይን አልፎ ነፋስ መውጫ ይደርሳል። የላይ ጋይንት ከተማ ናት፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ስሟን ያወጣላት ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ቦታውን አሳምሮ ያውቅ ነበር። እዚያ ነፋሱ ጋቢ አይፈራም። እኔን ግን በዚያ መንገድ ስመላለስ ከነፋሱ መውጫ ይልቅ የነፋሱ መግቢያ ያሳስበኝ ጀምሯል። ምክንያቱ አንዲት አሮጌ መኪና ናት።

መኪናዋ የአጎቴ ናት። የጃፓን ሥሪት፣ ነጭ፣ ዕድሜዋ ከሃያ ዓመት ያለፈ፣ ሊብሬዋ ላይ ስም ሦስት ጊዜ የተዛወረባት። አጎቴ ዕድሜውን በመምህርነት ጨርሶ ጡረታ ሲወጣ፣ ያለ የሌለውን አራግፎ ገዛት። ከደብረ ታቦር ወረታና ባሕር ዳር፣ አንዳንዴም እስከ ጋይንት፣ በኮንትራት ሰው ያመላልስባታል። ሙሽራ ይጭናል፣ ለቀስተኛ ይጭናል፣ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ ወደ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሕመምተኛ ይጭናል። የጡረታዋ ገንዘብ ጤፍ ከገዛች በኋላ የምትተርፍ አይደለችም፤ የልጆቹን ትምህርት፣ የቤቱን ወጪ የምትችለው መኪናዋ ናት። ስለዚህ እሷ አንድ ሳምንት ከቆመች አንድ ቤት ይቆማል ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲገባ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ሥዕል ያላት ብጫ መብራት በራች። ሹፌሮች «ቼክ ኢንጅን» የሚሏት ናት። ሞተሩ ጠዋት ጠዋት ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ሲሞቅ ትንሽ ይሻለዋል። አጎቴ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዳት። እዚያ ኮምፒውተር ሰኩና ኦክስጅን ሴንሰሯ መሞቱን ነገሩት። ተቀየረ። መብራቱ ጠፋ፤ በአራተኛው ቀን ተመልሶ በራ። ሁለተኛ ሲመለስ የአየር መለኪያዋ ነው ተባለና እሷም ተቀየረች። መብራቱ አሁንም ጥቂት ቀን ታግሦ በራ። በሦስተኛው የቫኪዩም ሰዓት ሰክተው አዩና «ሞተሩ ደክሟል፤ መውረድ አለበት» የሚል ፍርድ ሰጡ። የሞተር ማውረጃው ሒሳብ ሲነገረው አጎቴ ምንም ሳይል ቁልፉን ተቀብሎ ወጣ። ማታ ስልክ ደውሎ «እኔስ ልሸጣት ነው መሰለኝ» አለኝ። ድምፁን ስሰማ የሚሸጠው መኪና ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ።

*

እንግዲህ ወደ ታሪኩ ከመመለሴ በፊት ይህች መብራት ማን ናት የሚለውን ላንሣ፤ ብዙዎቻችን ከእሷ ጋር እየኖርን አንተዋወቅምና።

መብራቷ የተፈጠረችው ለባለመኪናው ታስቦ አይደለም። የተፈጠረችው ለአየሩ ታስቦ ነው። የካሊፎርኒያ የአየር ጥበቃ ቦርድ፣ የሎስ አንጀለስ ሰማይ በመኪና ጭስ መታፈኑ ሲያሳስበው ከቆየ በኋላ፣ ሞተሮች የገዛ ራሳቸውን ጥፋት የሚመዘግብ ኮምፒውተር እንዲኖራቸው አስገደደ። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጡ አውቶሞቢሎች ሁሉ አንድ ዓይነት መሰኪያና አንድ ዓይነት የኮድ ቋንቋ ያዙ፤ የአውሮፓ የቤንዚን መኪኖችም ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተከተሉ። ከዚያ በፊት የነበሩት የየራሳቸው ዘዬ ነበራቸው። የቀድሞዎቹን ቶዮታዎች ለምሳሌ ብንወስድ፣ ከኮፈኑ ሥር ባለችው ትንሽ ሣጥን ውስጥ ሁለት ቀዳዳዎችን በሽቦ ሲያገናኙ መብራቷ ትጠቅሳለች፤ ሁለት ጊዜ ጠቅሳ አረፍ ብላ አምስት ጊዜ ከጠቀሰች 25 ማለት ነው፤ ትርጉሙም «አየሩ በዛ፣ ቤንዚኑ አነሰ» ነው። በአዲሱ ቋንቋ ይኸው አቤቱታ ፒ 0171 ይባላል። የአጎቴ መኪና ስትለው የከረመችው ይህንኑ ነበር።

ልብ በሉ፤ ኮዱ «ኦክስጅን ሴንሰሩ ሞቷል» አላለም። «አየሩ በዛ» ነው ያለው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ቤንዚን በወጉ እንዲነድ ለ1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም ያህል አየር ያስፈልጋል። የሚገባውን አየር ከማጣሪያው በኋላ ያለችው መለኪያ ትቆጥራለች፤ ኮምፒውተሩም በዚያ ልክ ቤንዚን ያዛል። ኦክስጅን ሴንሰሩ ደግሞ ጭስ መውጫው ላይ ተቀምጦ የተረፈ ኦክስጅን መኖር አለመኖሩን ያሸታል። ከመለኪያዋ ያልተቆጠረ አየር በሌላ ቀዳዳ ከገባ፣ ሴንሰሩ «ኦክስጅን ተርፏል» ብሎ ይናገራል። ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይጨምራል። አሁንም ተርፏል ይለዋል፤ አሁንም ይጨምራል። የሚጨምረው ከገደቡ ሲደርስ፣ ጥፋቱም በተከታታይ ሁለት ጉዞ ላይ ሲታይ፣ መብራቷ ትበራለች። ሴንሰሩ እንግዲህ ወሬ ነጋሪ ነው። በአጎቴ መኪና ላይ የተደረገው፣ መጥፎ ወሬ ያመጣውን መልእክተኛ አባርሮ በውድ ዋጋ ሌላ መልእክተኛ መቅጠር ነበር። አዲሱም ያንኑ ወሬ ይዞ መጣ። መብራቱ ለአራት ቀን የጠፋው ሴንሰሩ ስለተቀየረ አልነበረም፤ የኮምፒውተሩ መዝገብ ስለተሰረዘ እንጂ።

*

ወደ ደብረ ታቦር ስሄድ ኪሴ ውስጥ ክብሪት የምታህል የኮድ ማንበቢያ ይዤ ነበር፤ መኪናው ላይ ተሰክታ ቁጥሩን ወደ ስልክ የምትልክ ናት። ሰፈሩ ውስጥ ደግሞ አንድ መካኒክ አለ፤ ልጅ ሳለ አጎቴ ሒሳብ ያስተማረው። ዛሬም «ጋሼ» ሲለው ቆቡን ያወልቃል። ለምን መጀመሪያውኑ ወደ እሱ አልወሰድክም ብዬ ብጠይቀው፣ አጎቴ «እሱማ ኮምፒውተር የለው» አለኝ።

መካኒኩ ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት ይጠይቅ ጀመር። «ጋሼ፣ የምትንቀጠቀጠው ስትቆም ነው ስትነዷት?» «ስቆም።» «ዳገት ላይ ጉልበት ታጣለች?» «እምብዛም።» «ብርድ ላይ ይብሳል?» «ጠዋት ነው የሚብሰው።» ልክ እንደ ደህና ሐኪም ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «እስቲ ያንተዋ ምን ትላለች?» አለ።

የእኔዋ ያለችው ይህን ነው። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ሲሆን ኮምፒውተሩ ከልማዱ 27 በመቶ ያህል ቤንዚን ይጨምራል፤ ነዳጅ ሰጥተን ሞተሩን 2,500 ዙር ስናደርሰው ጭማሪው ወደ 8 በመቶ ወረደ። ይህች ትንሽ ንጽጽር ከኮዱ ይልቅ ብዙ ትናገራለች። አንድ ቀዳዳ የሚያስገባው አየር ትንሽ ነው፤ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲሠራ ድርሻው ትልቅ ይሆናል፤ ሞተሩ ብዙ አየር ሲስብ ግን ያ ስርቆት በብዙኃኑ መካከል ይጠፋል። የቤንዚን ፓምፕ ደክሞ ወይም ማጣሪያው ተደፍኖ ቢሆን ነገሩ ይገለበጥ ነበር፤ ዳገት ላይ፣ ጭነት ሲበዛ፣ ጭማሪው እያሻቀበ ይሄድ ነበር። (አየሩን በመለኪያ ሳይሆን ከመሳቢያው ክፍል ግፊት የሚገምቱ መኪኖችም አሉ፤ እነሱ ላይ ተመሳሳይ ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ ሚኒሞው ያለ ልክ ከፍ በማለት ነው የሚገለጠው።)

መካኒኩ ቁጥሩን ሰምቶ «አየር ትስባለች» አለ። አየር መሳብ ማለት ምን እንደሆነ ላስረዳ። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ አየር ይስባል። በመንገዱ ላይ ግን ሹፌሩ ነዳጅ ሲሰጥ የሚከፈት መዝጊያ አለ። መዝጊያው ጠብቦ ሳለ ሞተሩ መሳቡን ስለማይተው፣ ከመዝጊያው በኋላ ያለው ክፍል የአየሩ ግፊት ከውጭው እጅግ ያንሳል። ቫኪዩም የሚባለው ይኸው ነው። በዚያ ክፍል ላይ ብዙ ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች ይገናኛሉ፤ ጎማ ደግሞ በሙቀትና በዕድሜ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። የማኒፎልዱ ጓርኒሲዮንም እንዲሁ። ብርድ ላይ ይኮማተራሉ፤ ሲሞቁ ጥቂት ይለሰልሱና ቀዳዳውን ይደፍኑታል። ደጋ ላይ ጠዋት የሚያለቅስ ሞተር ረፋድ ላይ ዝም የሚለው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው።

ቀዳዳውን ለማግኘት አንዳንዶች ቤንዚን ይረጫሉ፤ የሞተሩ ድምፅ የተለወጠበት ቦታ ቀዳዳው ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ ግን የጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን መርጨት መኪናውንም ረጪውንም ሊያነድ ይችላል። የኛ መካኒክ ሌላ መንገድ ያዘ። ሞተሩን አጥፍቶ፣ በአንዲት የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ዘይት የነካው ጨርቅ እንዲጨስ አደረገና፣ በብስክሌት ጎማ መንፊያ ጭሱን ቀስ እያለ ወደ መሳቢያው ክፍል ነፋው። የአጎቴ ሚስት ከማድ ቤት ብቅ ብላ ጥቂት አየችና «ምነው፣ ጋን ማጠን ጀመራችሁ?» አለች። አልተሳሳተችም። ለጠላ የሚሆነው ጋን በወይራ ሲታጠን፣ ስንጥቅ ካለው ጭሱ ይመሰክርበታል። በትልልቅ ጋራዦች በውድ የሚገዛው የጭስ ማሽንም ከዚህ የተለየ ፍልስፍና የለውም።

ጭሱ ወጣ። የወጣው ከማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን አልነበረም፤ በዓይን ከሚታዩት ቀጫጭን ቱቦዎችም አልነበረም። ወፍራሙ ቱቦ፣ ወደ ፍሬኑ ሰርቮ የሚሄደው፣ ጫፉ ላይ ከታች በኩል ተሰንጥቆ ኖሯል።

መካኒኩ መንፊያውን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ፍሬኑ እንዴት ነው?» አለ። አጎቴ ትንሽ አሰበና «ሰሞኑን ደረቅ ብሎብኛል፤ መብራቱ ይሻላል ብዬ እሱን አልተናገርኩም» አለ።

ማናችንም ወዲያው አልተናገርንም። ሁላችንም ያሰብነው የወረታን ቁልቁለት ነው።

*

ያንን መንገድ ለማያውቁት፦ ደብረ ታቦር ያለችው 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ወረታ ደግሞ የፎገራ ሜዳ ጠርዝ ላይ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ ከ40 ኪሎ ሜትር ብዙ አይበልጥም። በደርግ ዘመን ቻይናውያን ከወረታ እስከ ወልድያ የዘረጉት መንገድ አካል ነው፤ መንገደኛው ዛሬም «የቻይና መንገድ» ይለዋል። 900 ሜትር የሚያህል ከፍታ በዚያች አጭር ርቀት መውረድ ማለት ፍሬንን ደጋግሞ መጠየቅ ማለት ነው።

የፍሬን ሰርቮ ደግሞ ጉልበቱን የሚያገኘው ከቫኪዩም ነው። በአንድ ወገኑ ሞተሩ አየሩን ስቦ ያሳሳዋል፤ በሌላው ወገን የውጭው አየር ይገፋዋል፤ የሹፌሩን እግር የሚያግዘው የሁለቱ ልዩነት ነው። ቱቦው ከተሰነጠቀ እገዛው ይቀንሳል፤ ፔዳሉ ይደርቃል። በዚህ ላይ ከፍታው አለ። ደብረ ታቦር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 72 በመቶ ያህል ነው፤ ስለዚህ ጤነኛ የሆነ ሰርቮ እንኳ ደጋ ላይ የሚገፋው አየር ያንስበታል። ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ፣ ሹፌሮች በፎሌ እንደሚሉት፣ ሞተሩንም አጥፍቶ ቁልቁለት የሚለቅ ሹፌር ደግሞ የቀረውን እገዛ በገዛ እጁ ይቆርጣል። ሰርቮው አንድ ሁለት ጊዜ የሚበቃ ቫኪዩም ይዞ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ሹፌሩ ያለው የእግሩ ጉልበት ብቻ ነው።

ሁለት ሴንሰርና አንድ የሞተር ማውረድ ፍርድ የዞረበት ችግር ይህ ነበር። ቱቦውና ሁለት ማሰሪያዎቹ በአንድ ላይ የአንድ ኪሎ ቡና ዋጋ አላወጡም። ሲቀየር ሚኒሞው ረጋ፤ ኮምፒውተሩ የሚጨምረው ቤንዚን በሁለት ቀን ውስጥ ወደ 3 በመቶ ወረደ፤ ፔዳሉም ለሰለሰ። ሰርቮን ለመፈተን መካኒኩ ያሳየን ዘዴ ማንም ሰው ቤቱ በር ላይ ሊያደርገው ይችላል፦ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፔዳሉ እስኪደርቅ ደጋግሞ መርገጥ፤ ከዚያ እግርን ሳያነሡ ሞተሩን ማስነሣት። ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች ከሰመጠ ሰርቮው እያገዘ ነው። ካልሰመጠ ወደ ቁልቁለት አይኬድም።

*

አጎቴ ግን አንድ ነገር አልተወጠለትም። «ያ የቫኪዩም ሰዓትስ? ሞተሩ ደክሟል ያለው?»

መካኒኩ የራሱን ሰዓት አምጥቶ ሰካ። ቱቦው ከተቀየረ በኋላ እንኳ ቀስቱ አረንጓዴ ከተቀባው ክልል እጅግ ዝቅ ብሎ ቆመ፤ 28 ሴንቲሜትር ሜርኩሪ ገደማ። አጎቴ ፊቱ ጠቆረ። መካኒኩ ሳቅ ብሎ «ጋሼ፣ ይህ ሰዓት የተቀባው ለባሕር ዳር ነው» አለው። አጎቴ ወዲያው «ባሕር ዳርም እኮ 1,800 ሜትር ነው!» ብሎ መለሰ፤ አስተማሪነቱ አልለቀቀውም። «ለከተማዋ አላልኩም፤ ለባሕሩ ዳር ነው ያልኩት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጤነኛ ሞተር በባሕር ወለል ላይ ሚኒሞ ሲሠራ ሰዓቱ ከ43 እስከ 53 ሴንቲሜትር ሜርኩሪ ያሳያል፤ አረንጓዴውም እዚያ ላይ ነው የሚቀባው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ግን የውጭው አየር ራሱ እየሳሳ ስለሚሄድ፣ ንባቡ በየ300 ሜትሩ 2.5 ሴንቲሜትር ያህል ይወርዳል። ደብረ ታቦር ላይ ቅናሹ 22 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ስለዚህ በሜዳ አገር 28 ያነበበ ሞተር በሽተኛ ነው፤ ደብረ ታቦር ላይ 28 ያነበበ ሞተር ጤነኛ ነው። የመጭመቅ ኃይሉም ሲለካ እንዲሁ ከመጽሐፉ ቁጥር ያንሳል። ይህን ያላሰበ ሰው፣ በቅን ልቦና፣ በጉና ግርጌ ያለውን ሞተር ሁሉ ሊያስወርድ ይችላል።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። በደጋው አገር «አየሩ ነው» የሚባል ማሳበቢያ አለ፤ ሞተር ሲንቀጠቀጥ፣ ሲጨስ፣ ሲደክም፣ «የደጋው አየር ነው» ይባላል። ለካርቡራተር መኪና እውነትነት ነበረው፤ አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ ቤንዚኑን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ከሜዳ የመጣ መኪና ጥቁር ጭስ ይተፋል። ኮምፒውተር ያለው መኪና ግን ቅጥነቱን ራሱ አውቆ ያስተካክላል። ጉልበቱ ይቀንስ ይሆናል እንጂ ከፍታው ብቻውን ፒ 0171ን አያመጣም። እንግዲህ አንዱ አገሩን ረስቶ መጽሐፉን ብቻ ያያል፤ ሌላው ሁሉን ነገር በአገሩ ያሳብባል። ሁለቱም ኮፈኑን ሳይከፍቱ ይፈርዳሉ።

ከደብረ ታቦር ጥቂት ራቅ ብላ ጋፋት አለች፤ የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ባለሙያዎች ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ የሠሩባት፤ በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ የወጣው። ቀጥቃጭ ብረት የሚያግለው በወናፍ በተነፋ እሳት ነው። የወናፉ ቆዳ ቢቀደድ ብረቱ አይግልም፤ ያን ጊዜ ደግሞ ምድጃውን አፍርሶ መሥራት ሳይሆን ቆዳውን መዳበስ ነው የሚቀድመው። የዚህ አገር ቀጥቃጭ ይህን የሚያውቀው ከማንም መጽሐፍ ቀድሞ ነው።

*

ይህን ሁሉ የማወራው አሮጌ መኪኖቻችን ገና ብዙ ጊዜ አብረውን ስለሚኖሩ ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወሰነ። የኤሌክትሪኩ መኪና ቻርጅ ማድረጊያውን ይዞ ጋይንት እስኪደርስ ድረስ፣ ሕመምተኛውን ወደ ሐኪም ቤት የምታደርሰው እንደ አጎቴ ያለችው መኪና ናት። እሷን ደግሞ በየኮዱ ዕቃ እየቀየሩ ማኖር የሚችል ኪስ ያለው ሰው ጥቂት ነው።

መኪና የምትገዙ ሰዎች አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሞተሩን ሳታስነሡ ቁልፉን ብቻ ስታዞሩ ያቺ ብጫ መብራት መብራት አለባት፤ ሞተሩ ሲነሣ ትጠፋለች። ጭራሽ ካልበራች መኪናው ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። አንድ ሰው አምፖሏን ነቅሎ ወይም በጥቁር ፕላስቲክ ሸፍኗት ሊሆን ይችላል። በገበያው ላይ ይህ ብልሃት አዲስ አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን በሽታውን የሚደብቀው አንዱ፣ ወረታ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የሚደርቅበት ሌላው ነው።

አጎቴ መኪናዋን አልሸጠም። የተቀየሩትን ሁለቱን አሮጌ ሴንሰሮች መካኒኩ ፈትኗቸው ደህና ሆነው ስለተገኙ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ኩሽኔታና ካንዴላ በሚያስቀምጥበት ሣጥን ውስጥ ከትቷቸዋል። የተሰነጠቀውን ቱቦ ግን አልጣለውም። ሰዎች ስለ መኪና ምክር ሲጠይቁት ያወጣና ስንጥቁን በጣቱ ከፍቶ ያሳያቸዋል፤ ከዚያ ጠያቂውን «ፍሬንህስ እንዴት ነው?» ይለዋል።